ቅይጥ ሁሉ ቅጥፈት አይደለም

የቤንዚንና የኤታኖል ታሪክ፣ ከከሚሴ ጎዳና ሲታይ

በነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ የሚነገሩትን ቃላት አንድ በአንድ የትውልድ መንደራቸውን ብንጠይቃቸው አብዛኞቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ቤንዚን በጣሊያንኛው «ቤንዚና» በኩል ገባ፤ ናፍጣም «ናፍታ» ከሚለው። ነዳጁን አዝሎ የሚመጣው ቦቴ ስሙን የወረሰው በርሜል ማለት ከሆነ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ጎማው፣ ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑም እንዲሁ። ሞተር ወደ አገራችን ሲገባ ስሙን ከነዕቃው ይዞ ነው የገባው። እኛ ከራሳችን ቋንቋ ካዋጣነው ውስጥ ሁለት ቃላት ጎልተው ይታያሉ፤ «ነዳጅ»ና «ማደያ»። ነዳጅ ከ«ነደደ» ወጣ፤ ማደያ ከ«አደለ»። አንዱ ስለሚቃጠለው፣ ሌላው ስለሚታደለው ይናገራል። የራሱ ወደብ ለሌለው፣ ነዳጁን ሁሉ ከውጭ ለሚገዛ አገር ደግሞ ጭንቁ ሁሉ ያለው በሁለተኛው ቃል ውስጥ ነው። ማን ያድላል? ለማን ይደርሳል? ልኩስ ስንት ነው?

ከእነዚህ እንግዳ ቃላት አንዱ ግን ከምናስበው በላይ ቤተኛ ነው፤ አልኮል። ቃሉ «አል-ኩሕል» ከሚለው ዐረብኛ የወጣ ሲሆን፣ ይኸው «ኩሕል» የከሚሴና የባቲ ሴቶች ዐይናቸውን የሚያስጌጡበት ኩል ነው። በመጀመሪያ እጅግ ደቅቆ የተፈጨ ዱቄት ማለት ነበረ፤ ቀጥሎ ከማንኛውም ነገር ተነጥሮ የወጣ ንጹሕ ምጥን ሆነ፤ በመጨረሻ ከወይን የሚነጠረውን መንፈስ ብቻ የሚጠራ ስም ሆኖ ቀረ። አረቄም ቢሆን «ዐረቅ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል መጣ፤ ላብ ማለት ነው፤ ከማውጫው ጠብ ጠብ እያለ የሚወርደው ጠብታ ላብ መስሎ ስለታየ። እንግዲህ አልኮልን ከአፉ ያራቀው የሙስሊሙ ማኅበረሰብ እንኳ የቃሉን ታላቅ እኅት በየቤቱ፣ በየመስታወቱ ፊት ያውቃታል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ የኩል ዘመድ የሆነው አልኮል፣ በዛሬ ስሙ ኤታኖል፣ በአገራችን ከቤንዚን ጋር የተጋባበት አጭር ታሪክ ነው። አንባቢ ሆይ፣ «ነዳጅ ከግጥምና ከወግ ጋር ምን አገናኘው?» ትል ይሆናል። የሚያገናኘው አንድ ቃል ነው፤ ቅይጥ። በገበያችን ይህ ቃል መልካም ስም የለውም። የተቀየጠ ቅቤ፣ የተቀየጠ በርበሬ፣ የተቀየጠ ማር ሲባል ወዲያው የሚታየን ሌባ ነው። ሆኖም መቀየጥ ሁሉ መስረቅ ቢሆን ኖሮ ወሎ ራሷ ባልኖረች ነበር። ስለዚህ ሐቀኛውን ቅይጥ ከቀጣፊው የሚለየው ምንድን ነው? ብሎ መጠየቅ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም።

* * *

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ እናንሣ፤ የነዳጅ ታሪክ የመንገድ ታሪክ ነውና።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዞኑ ወረዳዎች መካከል ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። በሙዚቃችን የአንድ ቅኝት ስም የሆነችው ባቲ፣ በሰኞ ገበያዋ አፋሩን ከግመሉ፣ ኦሮሞውን ከከብቱ፣ አማራውን ከእህሉ ጋር ስታገናኝ የኖረች ናት።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ሚሌን ተሻግሮ እስከ አሰብ የሚዘልቅ የመኪና መንገድ ተሠራ። ያ መንገድ ባቲን ከግመል ዘመን ወደ ቦቴ ዘመን አሸጋገራት። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየት ኅብረት ብድርና ሙያ የተገነባው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር፣ ከድፍድፍ ዘይት የተጣራው ቤንዚንና ናፍጣ በዚሁ ጎዳና ሽቅብ ወጣ። በኋላ ግን በአዋሽ ሸለቆ ከሚሌ እስከ አዋሽ በቆላው የተዘረጋው ጎዳና ለአዲስ አበባ የሚሄደውን ጭነት ወደ ራሱ ሳበው። ባቲና ከሚሴ ከዋናው የነዳጅ ጅረት ወጥተው በገባሩ ላይ ቀሩ። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ባቲ የብዙ ሺሕ ተፈናቃዮች መጠለያ በሆነች ጊዜ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች በዚሁ በአሰብ መንገድ ላይ ተመላለሱ።

የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቆመ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የአሰብ ወደብ ራሱ ተዘጋብን። ከዚያ ወዲህ በባሕር የሚገባው ነዳጃችን ሁሉ ተጣርቶ ያለቀለት፣ ዋጋው በዶላር የሚከፈል፣ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ሆነ። ለወሎ የታደለው በጋላፊ ድንበር ገብቶ፣ በሚሌ ታጥፎ፣ በባቲ ሽቅብ ወጥቶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። መንገዱ በታወከ ቁጥር የመጀመሪያው ጥማት የሚሰማው በማደያ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴ ደርሶ ጎዳናው በተቆረጠ ጊዜ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ምን ያህል መንገድ ተጉዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው ቢኖር ያን ጊዜ ዐወቀ።

የእኔ ሥራ ከባንክ መስኮት ጀርባ ነው። ከዚያ ሆኖ ለሚያይ ሰው ነዳጅ ፈሳሽ ብቻ አይደለም፤ የሰው አገር ገንዘብ ነው። ገበሬው ቡናውንና ሰሊጡን ሸጦ ያመጣት ዶላር፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ልትገዛ የተሰለፈች ዶላር፣ ሰልፉን ቀድማ ለነዳጅ ትወጣለች። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. የዓለም ድፍድፍ ዘይት ዋጋ በበርሜል 147 ዶላር ነክቶ ነበር። እንግዲህ «ከዚህ ፈሳሽ ውስጥ ጥቂቱን እንኳ በአገራችን ብናፈልቀውስ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ጭንቀት የተወለደ ነው።

* * *

መልሱ በሸንኮራ አገዳ ውስጥ ነበረ።

አንድ ኩንታል አገዳ ሲጨመቅ ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚሆን ስኳር ይወጣዋል። ስኳር ሊሆን እንቢ ብሎ የሚቀረው ጥቁር፣ ወፍራም አተላ ሞላሰስ ይባላል፤ እርሱም 4 ኪሎ ያህል ነው። ሞላሰሱ በእርሾ ቢፈላና ቢነጠር አንድ ሊትር ገደማ አልኮል ይሰጣል። ከኩንታል አንድ ሊትር፤ ልኩ ለማስታወስ ቀላል ነው። ነገሩ በመሠረቱ አረቄ ከማውጣት አይለይም፤ የሚለየው በድርቀቱ ነው። ዳግም አረቄ ብንለው እንኳ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። በማንጠር ብቻ ቢሄዱ አልኮል ከ96 በመቶ ገደማ በላይ አይጠራም፤ የቀረችው ጥቂት ውኃ ከእርሱ ጋር ተቃቅፋ አብራ ትተናለች። ለሞተር የሚሆነው ግን ከ99 በመቶ በላይ የደረቀው ነው። ስለዚህ ያቺን የመጨረሻ ውኃ የሚነጥቅ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ሰው እንዳይጠጣው ብዙውን ጊዜ ሆን ተብሎ ይመረዛል።

የአገራችን የስኳር ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1954 በሆላንዶቹ ኩባንያ በኤች.ቪ.ኤ. በተከፈተው የወንጂ ፋብሪካ ነው። መተሐራ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተከተለ። ለነዳጅ የሚሆን ኤታኖል ያወጣው ግን ሦስተኛው፣ በወለጋ የሚገኘው ፊንጫ ነው። ፊንጫ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከስኳሩ ጋር በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር ኤታኖል የማምረት አቅም ይዞ ተነሣ። መተሐራም ዘግይቶ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ በዓመት 12.5 ሚሊዮን ሊትር የሚያወጣ የራሱን ማምረቻ ጨመረ።

ቤንዚንን ከአልኮል ጋር ማጋባት በዓለም ላይ አዲስ ነገር አልነበረም። ብራዚል ከውጭ በሚገባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ አልኮል እንዲጨመር ያዘዘችው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ በ1975 ታላቁን የአልኮል ፕሮግራሟን ዘረጋች፤ በ2025 ደግሞ ልኩን 30 በመቶ አደረሰችው። ለእኛ ግን የቅርቡ መስተዋት ማላዊ ናት። ማላዊ እንደኛ ወደብ የላትም፤ እንደኛ ነዳጇ በሰው አገር በኩል ያልፋል። በድዋንግዋ ከስኳር ፋብሪካ አጠገብ ባቆመችው ማምረቻ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ፣ ልኩ ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ቢልም፣ ቤንዚኗን ከኤታኖል ስታዋሕድ ኖራለች። ትንሽና ድኻ መሆን ለዚህ ሥራ እንቅፋት እንዳልሆነ ምስክር ናት።

* * *

እ.ኤ.አ. በ2007 የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ አወጣ። ለናፍጣ ምትክ ጃትሮፋና ጉሎ፣ ለቤንዚን ደግሞ ኤታኖል ታጩ። ጃትሮፋ ለባቲ ገበሬ እንግዳ አልነበረችም፤ ከብት ስለማይበላት በማሳ ዙሪያ አጥር፣ በቦረቦር አፈር ላይ መያዣ ሆና ኖራለች። ያን ሰሞን «አረንጓዴ ወርቅ» ትሆናለች ተብሎ በየአገሩ ተዘመረላት፤ ኋላ ግን ዘሯ ተስፋ የተጣለባትን ያህል አላፈራም። አጥር ሆና መጣች፤ አጥር ሆና ቀረች። በዚያ ወራዳ አይደለችም፤ አፈር መያዝም ሥራ ነው።

ኤታኖሉ ግን ወደ ሥራ ገባ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008፣ በእኛ 2001 ዓ.ም. መባቻ፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በሱሉልታ በሚገኘው የናይል ፔትሮሊየም ዴፖ 5 በመቶ ኤታኖልና 95 በመቶ ቤንዚን ተዋሕደው ለአዲስ አበባ ማደያዎች መከፋፈል ጀመሩ። የሱሉልታ መመረጥ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የአገሪቱ ቤንዚን ትልቁ ድርሻ ከሱዳን ይመጣ ነበር፤ ናይል ፔትሮሊየምም የሱዳን ኩባንያ ነበረ። በ2003 ዓ.ም. ልኩ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ፤ ኋላም ሌሎች የነዳጅ ኩባንያዎች ገቡበት።

ቅልቅሉ የሚፈጸመው በማደያ ሳይሆን በዴፖ እንደ ነበር ልብ ይሏል። ሁለቱ ፈሳሾች በልክ ተቀድተው ይዋሐዳሉ፤ ቦቴው የተዋሐደውን ይዞ ወደ ማደያ ይሄዳል። ቀጂው የሚያውቀው አንድ ቧንቧ፣ ሾፌሩ የሚያውቀው አንድ ዋጋ ነው። ከዚህ የተነሣ ቅይጡ የት እንደሚደርስ የሚወስነው ዴፖው የቆመበት መንገድ ሆነ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣ ቦቴ ሱሉልታን የሚያይበት ምክንያት የለውም። አዲስ አበባ አገር በቀሉን ጠብታ ስትቀምስ ከሚሴ የቀመሰችው የጅቡቲውን ብቻ ነው። መቼም ማደያ ከ«አደለ» ወጥቷል ብለን የለ? አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ነዳጅ ባፈለቀች ጊዜም እደላው እንደ ወትሮው በዋና ከተማው በር ላይ ቆመ።

በአዲስ አበባ ሾፌሮች ዘንድ ግን ጥርጣሬ መኖሩ አልቀረም፤ ከጥርጣሬውም ገሚሱ መሠረት ነበረው። ኤታኖል በሊትር ሲለካ ጉልበቱ ከቤንዚን በሲሶ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ 10 በመቶ የተቀየጠበት መኪና በአንድ ሊትር የሚጓዘው መንገድ 3 በመቶ ገደማ ያጥራል። ኤታኖል ውኃ ይወዳል፤ በማደያው ጋን ውስጥ ትንሽ ውኃ ቢገባ፣ ግማሽ በመቶ ያህል እንኳ ቢሆን፣ አልኮሉን ጎትታ ወደ ታች ታዘቅጠዋለች፤ ሞተሩም የማይፈልገውን ይጠጣል። በሌላ በኩል ኤታኖል ቤንዚኑ ያለጊዜው እየፈነዳ ሞተሩን እንዳያንኳኳ ያደርጋል። ይህ ጥቅሙ ጥንትም የታወቀ ነበር። ግን አንድ የተደበቀ ቅይጥ ቀደመው።

* * *

እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካዊው ቶማስ ሚጅሊ በቤንዚን ውስጥ ጥቂት የእርሳስ ማዕድን ውሁድ ቢጨመር ሞተር ማንኳኳቱን እንደሚተው አገኘ። አልኮልም ይህንኑ እንደሚያደርግ ራሱ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን አልኮልን ማንም ገበሬ ሊያወጣው ይችላል፤ እርሳሱ ግን በባለቤትነት መብት ታጥሮ ሊሸጥ ይችላል። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሻጮቹ «እርሳስ» የሚለውን ቃል ከስሙ አወጡትና «ኤቲል» ብለው ሸጡት። ከገበያ ያራቁት ባላንጣው ኤቲል አልኮል መሆኑን ስናስብ የስሙ ምፀት ይጎላል። ያ መርዝ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የዓለምን ሕፃናት አእምሮ ሲጎዳ ኖሮ፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ከማደያ ወጣ፤ በዓለም ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተሸጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በአልጄሪያ ነው። የተደበቀ ቅይጥ ይህን ያህል ዕድሜ አለው።

የእኛም ገበያ የራሱ የተደበቁ ቅይጦች አሉት። ላምባ ከናፍጣና ከቤንዚን በረከሰ ቁጥር ወደ ውድ ወንድሞቹ በርሜል ሾልኮ መግባቱ የታወቀ ማጭበርበር ነው። በመንግሥት የዋጋ ዝርዝር ላምባና ናፍጣ በእኩል ዋጋ እስከ መሸጥ የደረሱትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለድኻዋ እናት ምድጃ የታሰበው የላምባ ቅናሽ በቀያጮች ሰበብ ተቀማ ማለት ነው። ሌባው የሰረቀው ከሾፌሩ ብቻ አልነበረም።

ደግሞም ለእኛ ለባንክ ሰዎች የማይረሳ አንድ ነገር አለ። ኤታኖሉ ከመቀየጡ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ «ወርቅ የተቀባ ብረት ነው» ተብሎ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ማኅተም ያለበት ወርቅ ሐሰት ሆኖ ተገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት ቤንዚን በዐዋጅ ተቀየጠ። ሕዝብ ሁለቱን በአንድ ዐይን ቢያይ ይፈረድበታልን?

ይሁን እንጂ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ለማየት ወደ ባቲ ገበያ እንመለስ። ያ ገበያ ለብዙ ዘመን የተገበያየበት የማርትሬዛ ብር ንጹሕ ብር አልነበረም። ከሺሕ እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት። እቴጌዪቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞቱ በኋላ እንኳ በዚያው በ1780 ቁጥር፣ በዚያው ልክ እየተመታ ከኦስትሪያ እስከ አፋር ቆላ ወረደ። ነጋዴው ዘውዷንና የልብሷን ፈርጥ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ሚዛን ላይ እያወጣ ይቀበለው ነበር። ቅይጥ መሆኑ አላስነቀፈውም፤ ያስከበረው ልኩ የታወቀና የማይለወጥ መሆኑ ነው። መዳቡ ራሱ ብሩን ያጠነክረው ነበር እንጂ አላረከሰውም። እንግዲህ ሐቀኛ ቅይጥ ሁለት ምስክር ይሻል ማለት ነው፤ ልኩ ይነገር፤ የተነገረው ልክ ይጽና።

* * *

የኛ ኤታኖል የመጀመሪያውን ምስክር አቀረበ። በዐዋጅ ተነገረ፤ አምስት ተባለ፣ ዐሥር ተባለ። የጎደለው ሁለተኛው ነው።

ሒሳቡን እንይ። ፊንጫ በሙሉ አቅሙ የሚያወጣው 8 ሚሊዮን ሊትር፣ በ5 በመቶ ልክ ለ160 ሚሊዮን ሊትር ቅይጥ ይበቃል፤ ልኩ 10 በመቶ ሲሆን ግን ለ80 ሚሊዮን ብቻ። የመተሐራ ሲጨመር 205 ሚሊዮን ይደርሳል። ያውም ማምረቻው ሳይሰናከል፣ አገዳው ሳይጎድል፣ ሌላ ፈላጊም ሳይመጣ ነው። ፈላጊ ደግሞ ሞልቷል። የመጠጥና የአልኮል ፋብሪካዎች አሉ፤ በሶማሌ ክልል የስደተኞች መጠለያዎች ማገዶ ፍለጋ ዱር ለሚወጡ ሴቶች የኤታኖል ምድጃ ያደለው ጋያ ማኅበር ነበረ፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ደግሞ የፋብሪካዎቹ ኤታኖል የእጅ ማጽጃ ሆኖ ተፈለገ። በሁሉም ላይ ኤታኖል የስኳር ጅራት ነው፤ ጅራት ከላሟ አይረዝምም። ይህን ብራዚልም በራሷ ላይ አይታዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1989 አገዳው ወደ ስኳር ሲያደላ በንጹሕ አልኮል ብቻ የሚሄዱ መኪኖች በማደያ ደጃፍ ተገተሩ፤ የሕዝብ እምነትም ለዓመታት ሳይመለስ ቀረ።

ላሟ እንድታድግ ታስቦ ነበር። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በተዘረጋው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዐሥር አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች ይቆማሉ፣ አገሪቱ ከራሷ አልፋ ስኳር ትሸጣለች ተባለ። ለሜቴክ ከተሰጡት ግንባታዎች ብዙዎቹ በጊዜያቸው ሳያልቁ ውላቸው ተቋረጠ። ስኳር ለውጭ ገበያ መቅረቡ ቀርቶ እናቶች በሸማቾች ማኅበር ደጃፍ በኪሎ ተሰለፉለት። ስኳሩ በጠፋበት አገር ሞላሰሱ ከየት ይምጣ? ኤታኖሉ እየተንጠባጠበ ሄዶ ቅልቅሉ ተቋረጠ፤ «እንደገና ይጀመራል» የሚል ወሬ ግን ከዚያ ወዲህም ተሰምቷል።

ከእነዚያ ተስፋዎች አንዱ የኛ ጎረቤት ነበረ። ከደሴ ዙሪያ ተራሮች የሚነሣው ቦርከና በኮምቦልቻ ወርዶ፣ ከብት አርቢው በበጋ የሚሰፍርበትን የጨፋ ሜዳ አርሶ፣ በከሚሴ አጠገብ አልፎ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ውኃውን ይዞ ወደ ተንዳሆ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ጥጥ ያለማበት የተንዳሆ እርሻ፣ በዘመናችን ግድብ ተገንብቶለት፣ በህንድ ብድር ፋብሪካ ቆሞለት የአገዳ ምድር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ፋብሪካው የታሰበለትን ሳይደርስ ተንገዳገደ። ቢሳካ ኖሮ የከሚሴ ውኃ አገዳ ሆኖ፣ አገዳው ኤታኖል ሆኖ፣ ኤታኖሉ በባቲ መንገድ ሽቅብ ተመልሶ በከሚሴ ባጃጅ ውስጥ መንደድ በቻለ ነበር። ቦርከና ዛሬም ይወርዳል፤ ሽቅብ የተመለሰ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ወደ ሌላ መላ ዞረ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የነዳጅ ድጎማው በደረጃ እየተነሣ ሄደ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰል ዘዴዎች እንዲሆን ታዘዘ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ፣ የኤሌክትሪክ ብቻ እንዲገቡ መወሰኑ ተነገረ። «እንግዲህ የቅይጥ ወሬ ምን ያደርጋል? ጊዜው አለፈበት» የሚል ይኖራል። እኔ እንዲህ አይመስለኝም። በየመንገዱ ያሉት ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች በአንድ ሌሊት አይለወጡም፤ ቤንዚን የሚጠጡ ሞተሮች ገና ለብዙ ዓመታት አብረውን ይኖራሉ። ከሁሉ በላይ ግን ትምህርቱ ለቤንዚን ብቻ አይደለም። ለኤሌክትሪኩም፣ ለስንዴውም፣ ለገንዘቡም ይሠራል። ሕዝብ መቀየጥን አይፈራም። በአንድ ገበያ ሦስት ቋንቋ የሚሰማ፣ በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን የሚያስታምም ወሎዬ ቅይጥን ሊፈራ አይችልም። የሚፈራው ዛሬ ዐሥር ተብሎ የተነገረው ነገ በዝምታ ባዶ መሆኑን ነው። ፈሳሹን ያዋሐደው ዴፖ እምነትንም አዋሕዶ ነበር፤ አንዱ ሲፈስስ ሌላውም አብሮ ፈሰሰ።

ማላዊ ከአርባ ዓመት በላይ የያዘችው ልክ ትልቅ ስለሆነ አልጸናም፤ ማምረቻው ከአገዳው፣ አገዳው ከእርሻው፣ ቅልቅሉም ከሕጉ ጋር በየዓመቱ ስለተገናኘ ነው የጸናው። ለእኛም ከዐሥር ወላዋይ ይልቅ ሁለት የጸና ይበልጣል። ዳግመኛ የሚጀመርበት ቀን ከመጣም፣ ዴፖው በአንድ በር ብቻ ባይቆም፣ ኮምቦልቻም ብትታሰብ፣ እደላው ለመጀመሪያ ጊዜ ከስሙ ጋር ይስማማል።

ብሩም መዳብ አለው፣ ልኩን ግን ያውቁታል፤
ባቲ ገበያ ላይ ዐይተው ይወስዱታል።
ቤንዚኑም ይቀየጥ፣ አገዳም ይግባበት፤
ዛሬ ያሉት ልኬት ነገም ከጸናበት።